ቋሚ ምት የሌለውን ሙዚቃ ሃምሳ ልጅ እንዴት አብሮ ይነፋዋል?

ሰላም ሰላም! ዛሬ የአሜሪካ ሃይስኩል ኮንሰርት ባንዶችን ስለሚፈትን ሥራ እናወራለን። የሙዚቃ ደራሲው የፐርሲ ግሬንጀር «ሊንከንሻየር ፖዚ»። እ.ኤ.አ. በ1937 ነው መጀመሪያ የቀረበው፣ ስድስት ክፍል አለው፣ ሁሉም በእንግሊዝ የገጠር ዘፈኖች ላይ የተሠራ ነው። ኮንሰርት ባንድ ማለት ትንፋሽ ነው፤ ክላርኔት፣ ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ግዙፉ ቱባ፣ ከኋላ ከበሮ። ይሄን ታውቁታላችሁ፣ እንለፍ።

አምስተኛው ክፍል፣ «ሎርድ ሜልቦርን»፣ ሲጀምር ቋሚ ምት የለውም። የለውም ስላችሁ፣ የለውም!

አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? አንዱ ሞቅ ያለው ይነሳና «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ይቀበላል፣ ይጎትተዋል። ልቡ እስኪደርስ ይጎትተዋል። ከዚያ ድንገት ቃላቱን አከታትሎ ያወርዳቸዋል። «ስንት ምት ጎተትክ?» ብትሉት ይስቅባችኋል። ማሲንቆውም የራሱ፣ ድምፁም የራሱ፣ ማን ይጠይቀዋል? አሁን ያንን አዝማሪ ሃምሳ አድርጉት። ሃምሳ ታዳጊ፣ አንዳንዱ ጥርሱን ብረት አሳስሮ ትራምፔት የሚነፋ። ሁሉም እኩል ጎትቶ እኩል መልቀቅ አለበት!

ይሄ ክፍል የተሠራበትን ዘፈን የዘፈኑት ጆርጅ ሬይ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ግሬንጀር በ1906 በፎኖግራፍ፣ በድሮው ድምፅ መቅጃ፣ ቀረጻቸው። አጎታተታቸውን አላስተካከለም፤ እንዳለ ኖታ ላይ አሰፈረው። እኔ ለዚህ ነው የምወደው።

ባለፈው ብዙዎቻችሁ «ኮንዳክተሩ ለጌጥ ነው፣ ልጆቹ ወረቀት እያዩ ነው የሚጫወቱት» ብላችኋል። ኧረ በማርያም! እዚህ ቦታ ላይ ወረቀቱ ብቻውን አያድንም። ግሬንጀር ራሱ መሪው እንደ ገጠር ዘፋኝ እንደልቡ ይሁን ብሏል፤ ከላዩ የቀስት ምልክት ያለበትን ኖታ ሁሉ እጁን ወደ ታች አውርዶ ይመታዋል። ስለዚህ መሪው ዛሬ የጎተተውን ነገ ሊያሳጥረው ይችላል። ዓይኑን ከወረቀቱ ያልነቀለ ልጅ ብቻውን ይገባል። ቱባ ከሆነ ደግሞ አያድርስ ነው።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ደግሞ ምቱ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። አምስት ስምንተኛ፣ ማለትም አምስት አምስት እየተባለ የሚቆጠረው፣ ሲመጣ ለሁለትና ለሦስት ከፍላችሁ ቁጠሩ፦ አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት። ገባችሁ? በቃ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ እየቆጠራችሁ ተጫኑት።

ሥራው መጀመሪያ አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ ላይ ሲቀርብ ተጫዋቾቹ አቅቷቸው ከፊሉ ተዘሏል። ግሬንጀር ኋላ ኖታው መግቢያ ላይ ወጋ አደረጋቸው፤ እነዚህን ምቶች የሚፈሩት ከሙዚቃው ይልቅ ቢራቸውን የሚያስቡ የቆዩ ባለሙያዎች ብቻ ናቸው አለ። የሃይስኩል ልጅ ደግሞ ቢራ አይሸጥለትም።