ዘሩ እበቱ ውስጥ ነው፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከመሐል ሜዳ የደወሉ አባት፦ «ግጦሻችን ድሮ ማገጥ በማገጥ ነበር። አሁን ተራቁቷል። ዘር ገዝቼ ልበትን?»

ጋሼ፣ ከመግዛትዎ በፊት ላሞችዎን ይመልከቱ። ማገጥ ባለ ሦስት ቅጠል የግጦሽ ተክል ነው፤ የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ነው። ላም ስትበላው ሁሉም አይፈጭም። የተረፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ውስጥ በእበት ይወጣል። ሆድ ውስጥ ቅርፊቱ ስለሚለሰልስ አንዳንዱ እንዲያውም ቶሎ ይበቅላል። በግ ግን አድቅቆ ያኝካል፤ ከላም ያነሰ ዘር ነው የሚያሳልፈው። በጉ የሚያግዘው በጸጉሩ ነው። ጭጎጊቱንም ሌላውንም ተጣባቂ ዘር ይዞ ይዞራል።

ስለዚህ ማገጥ የቀረበት ጥግ ካለ ዘሩ እስኪደርቅ ይከልሉት። ከዚያ ላሞቹን ያስገቡና ወደ ተራቆተው ቦታ ይንዷቸው። ጓሳን፣ ያንን የመንዝ የጋራ ሣር ምድር፣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ለዓመታት እየከለለ፣ ጊዜው ሲደርስ እያጨደ ነው ያቆየው። አበባ ሳያወጣ የተጋጠ ሣር ዘር ከየት ያመጣል?

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። እኛ ሰሜን ሸዋዎች እበቱን ለቅመን ኩበት እናደርገዋለን። ዘሩም አብሮ ምድጃ ይገባል። የደጋውን ብርድ አውቀዋለሁ፤ ያለ ኩበት ክረምቱ አይገፋም። ግን እባካችሁ፣ ዘር በሚደርስበት በጥቅምትና በኅዳር ከተራቆተው መሬት ላይ ያለውን እበት ተዉት።

ከደብረ ብርሃን ዙሪያ የደወሉ እናት፦ «ጉንዳን የሣሩን ዘር እየተሸከመ ጨረሰው። መድኃኒት ላስረጭ?»

አይርጩ እናቴ። ጉንዳኑ ብዙውን ይበላል፣ እውነት ነው። ግን መንገድ ላይ ይጥላል፤ ጎጆው ደጅ የሚከምረው ገለባ ውስጥም ያልተበላ ዘር ይቀራል። እዚያ አፈሩ የላላ ስለሆነ ይበቅላል። ዘራቸው ላይ ቅባት ያለው ቁራጭ የሚያበቅሉ ዕፅዋትም አሉ። ጉንዳኑ ቅባቱን በልቶ ዘሩን ይጥለዋል። መርጨቱ ደግሞ ንቧንም እበት የሚቀብረውን ጥንዚዛም ይገድላል። ጥንዚዛው እበቱን ወደ አፈር ሲያወርድ ዘሩም አብሮ ይወርዳል። በጣም ካልጠለቀ ከወፍና ከአይጥ ተርፎ ይበቅላል።

ስለ ጥንዚዛው ካነሳን አይቀር፣ አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ትል መድኃኒት ከከብቱ በእበት ስለሚወጣ ጥንዚዛውን ይጎዳዋል። መድኃኒቱን አትስጡ ማለቴ አይደለም። ከብቱ ሲያስፈልገው፣ የእንስሳት ሐኪም ሲያዝ ብቻ ይሰጥ።

ከሸዋ ሮቢት የደወለ ወጣት፦ «ከአፋር በኩል ፍየል እናመጣለን። ፕሮሶፒስ ይዘውብን ይመጣሉ የሚባለው እውነት ነው?»

አዎ ወንድሜ፣ እውነት ነው። ፕሮሶፒስ አፋርን የወረረ እሾሃማ ዛፍ ነው። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ፍየሉም ግመሉም ላሙም ይወደዋል። ዘሩ ሳይፈጭ ያልፋል፤ እበቱ ደግሞ ማዳበሪያ ይሆነዋል። አዲስ የመጡትን ለአንድ ሳምንት ያህል በረት ውስጥ ንጹሕ ድርቆሽ እየመገባችሁ አቆዩአቸው። ማሳም ግጦሽም አታስገቧቸው። በጠጡን ሰብስባችሁ አቃጥሉት፤ እዚህ ላይ እሳቱ ይጠቅመናል። በየመንገዱ ዳር አንድ ሁለት ችግኝ ካያችሁ ሥሩ ሳይጠልቅ በዚያው ክረምት ንቀሉት።