የማስታገሻ ክኒን፦ የአድማጮች ጥያቄና የፋርማሲ ባለሙያው መልስ

ከፒያሳ፦ ፓራሲታሞል በቀን እስከ ስንት ፍሬ ይወሰዳል?
ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ 1 ወይም 2 ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ። በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ። ብዙዎቹ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ አብሮ ይቆጠር፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። አረቄ የሚያዘወትር ሰው 8 መድረስ የለበትም፣ ሐኪም ይጠይቅ።

ከማራኪ፦ በቡና ብውጠውስ?
ችግር የለውም። ውኃ ይሻላል።

ከአዘዞ፦ ወንድሜ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ከተመለሰ ጀምሮ ያተኩሰዋል። ዳይክሎፌናክ ሲውጥ ይተወዋል፣ ማታ ይመለስበታል። ክኒኑን ልቀይርለት?
ኧረ ምኑን ትቀይሪዋለሽ እህቴ! ወባ ሊሆን ይችላል፣ ዛሬውኑ ደሙ ይታይ። ማስታገሻ ያቀላል እንጂ አያድንም፤ ይህን ስንቴ ልበል? ክኒኑ ትኩሳቱን ያወርዳል፣ ወባውን ግን አይነካም። ቤተሰቡ «ተሻለው» ብሎ ሲተኛ ጥገኛው ደም ውስጥ ይራባል። ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ጊዜ አይሰጥም፤ አንጎልና ኩላሊት ላይ ይወጣል። ከቆላ የመጣ ሰው ካተኮሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ይመርመር፤ የጣት ደም ምርመራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ላብና ትውከት ባደረቀው ሰው ላይ ደግሞ ዳይክሎፌናክ ኩላሊት ይጎዳል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃው ነበር።

ወባ የለም ተብሎ ትኩሳቱ 2 ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳና በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንት በታች ካበጠ፣ ካላዛር ይጠርጠር። በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል፣ መተማና ሁመራ የታወቀ ነው፣ ካልታከመ ይገድላል። ሕክምናው እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ካርድ ስታወጡ ሳትጠየቁ «መተማ ነበር» በሉ፤ ሐኪሙ የት እንደከረመ ካላወቀ ላያስበው ይችላል።

ከጠዳ፦ እናቴ ለጉልበቷ ዳይክሎፌናክ 2 ወር ወሰደች። አሁን ጨጓራዋን ያቃጥላታል፤ የጨጓራ ሽሮፕ ልጨምርላት?
በማስታገሻ ላይ ማስታገሻ! ያቃጠላት እኮ ክኒኑ ነው፤ የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳል፣ ቁስልም ያመጣል። ያቁሙና ሐኪም ይያቸው። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይንገሩ፣ አብሮ አይሄድም። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ደም እየፈሰሰ ነው፤ ሳይነጋ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው።

ከአራዳ፦ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የፓራሲታሞል ሽሮፕ ስንት ነው?
ጠርሙሱ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ካለ፣ 5 ሚሊ ሊትር። አብሮት በመጣው መለኪያ እንጂ በወጥ ቤት ማንኪያ አይደለም። በቀን ከ4 ጊዜ አይብለጥ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም።

ከአዘዞ፦ ጥርሴን ሲያመኝ አስፕሪን ድዴ ላይ አስቀምጣለሁ። ይጎዳል?
ድዱን ይልጠዋል፣ ጥርሱም እንደታመመ ይቀራል። ጥርስ ሐኪም ጋ ይሂዱ።