መኪናዬ ሱሉልታ ቆሟል፣ መካኒኬ ቄራ ነው
የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ጠዋት ስልካችን እረፍት አላገኘም። ከደወሉት አብዛኞቹ የከተማ ዳር ሰዎች ናቸው፤ ሱሉልታ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ሰንዳፋ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። መኪናው ቆመ፣ የማምነው ጋራዥ ሩቅ ነው፣ አጠገቤ ያለው ሰው ደግሞ "ልፍታው" እያለኝ ነው። ሰዓቱ ስላልበቃን በአየር ላይ ያቋረጥኩትን እዚህ ልጨርስ።

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያው ቀይ ውስጥ ገባ። የድሮ ኮሮላ ነው፣ ማንዋል። ዳር ይዤ አጠፋሁት፤ ከኮፋኖው ሥር እንፋሎት ይወጣል። አንድ ልጅ መጥቶ "ቴስታታው ሄዷል፣ እዚሁ ልክፈተው፣ ለማታ ይደርሳል" አለኝ። መካኒኬ ያለው ቄራ ነው። ውሃ ሞልቼ ልሞክር ወይስ ላስጎትት?

መልስ፦ ማጥፋትህ ትልቅ ነገር ነው። "ትንሽ ነው የቀረኝ" ብለህ ብትነዳው ኖሮ የልጁ ወሬ እውነት ይሆን ነበር። ግን ልጁ በምን አወቀ? የቴስታታ፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጉዳት ከውጭ አይታይም። እሱ ያየው እንፋሎት ነው።

አሁን ተቀመጥ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ከቻልክ 45 ደቂቃ። ኮፋኖውን ክፈተው፣ አየር ይግባበት። የራዲያተሩን ክዳን ግን በትኩሱ እንዳትነካ። ውስጡ ያለው ውሃ ታፍኖ ነው የቆየው፤ ስትከፍተው ፊትህ ላይ ነው የሚመጣው። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም የለም፤ ብረቱ ይሰነጠቃል።

ሲቀዘቅዝ ክዳኑን በጨርቅ ይዘህ ቀስ ብለህ ፍታና ውሃው የት እንደሄደ ፈልግ። የራዲያተሩን የጎማ ቱቦዎች በእጅህ ዳብስ፤ የተሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ፣ ከማሰሪያው አጠገብ ነው። ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብለህ መሬቱን እይ። የፋን ቤልቱ አለ ወይስ ተበጥሷል? ፋኑ በኤሌክትሪክ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ፊውዙን አውጥተህ ተመልከተው። ስንቱ መኪና በአንድ ፊውዝ ምክንያት ፈልቶ ቆሟል መሰለህ።

ከዚያ ዋናው። የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ፍታና ከሥሩ እይ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል። ያን ጊዜ ልጁ ሳያውቅ ልክ ሆኗል ማለት ነው። ግን ያን ጊዜም እዚያ አይከፈትም! መኪናውን አታስነሳው፣ ክሬን ጥራ። ቴስታታ ከተነሳ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚስተካከልበት) ሄዶ መጣመም አለመጣመሙ ይታያል። ሲመለስ ብሎኖቹ በተራቸውና በልካቸው ነው የሚጠብቁት፣ መጠኑን በሚለካ ቁልፍ። መንገድ ዳር ያለው መለኪያ ጉልበት ብቻ ነው።

ይህን ከራሴ አውቃለሁ። ሥራ ሳልጀምር በፊት፣ ወጣት እያለሁ፣ ጫንጮ ላይ አንድ ሰው ሞተሬን ከፈተልኝ። ብሎኖቹን በቲማቲም ጣሳ ነበር የሚሰበስበው። ማታ ሲገጥም ጣሳው ውስጥ ሦስት ብሎን ተረፈ። "ትርፍ ናቸው" አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ከፍዬ ሄድኩ። በሳምንቱ ሞተሩ ዳግም ተከፈተ፣ ዳግም ተከፈለ። ያን ቀን አስጎትቼው ቢሆን ወጪዬ በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ዘይቱ ንጹህ ከሆነ፣ ጭሱ ነጭ ካልሆነ፣ ራዲያተሩ ውስጥም ሞተሩ ሲነሳ አረፋ የማይወጣ ከሆነ ግን አትጎትተው። ልጁንም አታባርረው፤ የተሰነጠቀ ቱቦ ጫፉን ቆርጦ መልሶ ማሰር ያውቅበታል። ዋጋ ተስማማና አሠራው። ውሃ ሙላ፤ ከቸገረህ የታሸገውም ይሆናል። ሞተሩን አስነስተህ ጥቂት ጠብቀው። ከዚያ ኤሲ አጥፍተህ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈት። ላብ በላብ ትሆናለህ፣ ነገር ግን ሙቀቱ ከሞተሩ ላይ ይቀንሳል። መለኪያው ከግማሽ ካለፈ ቁም። ወደ ከተማ የሚወርደውን ቁልቁለት ደግሞ "ሞተሩ ይረፍ" ብለህ አጥፍተህ በፎሌ (ማርሽ ሳታስገባ) እንዳትለቀው። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ይጠጥራል፣ መሪው ይከብዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሱሉልታ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ውሃው ራዲያተር ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው አፍኖ የሚይዘው ክዳን ነው። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ አዳማ ላይ ደህና የነበረው መኪና እንጦጦ ጫፍ ላይ ይፈላል። ሰው ራዲያተር ያስቀይራል፣ ቴርሞስታት ያስቀይራል፤ ክዳኑን የሚያየው የለም።

መካኒክህም ቄራ ቢሆን ስልክ አለው። የዘይቱን ክዳንና የቱቦውን ፎቶ፣ የሞተሩን ድምፅ በቪዲዮ በቴሌግራም ላክለት። የሚያውቅህ ሰው በሁለት ደቂቃ "ንዳው" ወይም "አትንካው" ይልሃል።

ጥያቄ፦ (አንዲት እናት ናቸው፣ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም) ጠዋት ቁልፉን ስጠመዝዝ "ጠቅ" ብቻ ይላል። የጎረቤት ልጅ "ሞተሪኖው ተቃጥሏል፣ ፈትቼ መርካቶ ላሠራው" ይላል። ልስጠው?

መልስ፦ እናቴ፣ ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን ዕቃ) ገና አይስጡት። መጀመሪያ የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን ይጠምዝዙ። መብራቱ ድክም ካለ ጥፋቱ የባትሪ ነው። መብራቱ እንደፈካ ሆኖ "ጠቅ" ብቻ ካለ ያኔ ሞተሪኖውን እንጠረጥራለን።

የባትሪውን ራሶችም ይመልከቱ። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሙቅ ውሃ ያፍሱበት፣ በደንብ ይወለወል፣ ማሰሪያው ይጥበቅ። በዚያ ብቻ የተነሳ መኪና ብዙ ነው። ካልሆነ ኬብል ተውሰው ከጎረቤት መኪና ባትሪ ጋር ያገናኙት። መኪናዎ ኦቶማቲክ ከሆነ በግፊ እንሞክር ቢሉዎት እሺ አይበሉ፤ በግፊ አይነሳም።

ከተነሳልዎት በኋላ ደግሞ አንድ ሰው "ዲናሞውን (ባትሪ የሚሞላውን) ልሞክረው" ብሎ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ራስ ሊነቅል ይመጣል። እንዳይነካ! የድሮ ዘዴ ነው፤ በዛሬ መኪና ኮምፒውተሩን ያቃጥላል። ባትሪ ቤት ይሂዱና በሜትር ያስለኩት። ሞተሩ ሲሠራ 14 ቮልት አካባቢ ካሳየ ዲናሞው ደህና ነው። 12 ላይ ከቀረ እየሞላ አይደለም፤ እንደገና ይቆምብዎታል።

እውነትም ሞተሪኖው ሆኖ ከተገኘ ልጁ ይፍታው፣ ክፋት የለውም። ግን ከመስጠትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት፣ የማይታይ ቦታ ላይም በጥፍር ቀለም ምልክት ያድርጉበት። ልጁን አልጠረጠርኩትም። ዕቃው በስንት እጅ እንደሚያልፍ ስለማውቅ ነው።

ጥያቄ፦ ሰንዳፋ ነኝ። ኦቶማቲክ ቪትዝ ነው፣ አልነሳ አለ። ወንድሜ በፒክአፕ በገመድ ጎትቶ እስከ ቃሊቲ ሊወስደው ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። አቁመው። የኦቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት የሚዘዋወረው ሞተሩ ሲሠራ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የፊት ጎማዎቹ ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር ሲዞሩ ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፈጫል። ምናልባት አሁን የጎደለህ አንድ የነዳጅ ፖምፓ ይሆናል፤ ቃሊቲ ስትደርስ ካምቢዮም ይጨመርበታል። ከመንገድ ለማውጣት ያህል፣ ፎሌ ላይ አድርገህ ቀስ እያልክ፣ ይቻላል። ለሩቁ ጉዞ ግን የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ይነሱ ወይም መኪናው ሙሉ በሙሉ ይጫን። ከክሬን ባለቤቱ ጋር ስትደራደር መጫን፣ ማውረድና የጋራዡ በር ድረስ ማድረስ በዋጋው ውስጥ መኖሩን አስቀድመህ ጠይቅ። ጠቡ ሁሌ ሲወርድ ነው የሚነሳው።

ጥያቄ፦ ቡራዩ ላይ ማታ ቆመብኝ። ትቼው ልሂድ ወይስ እዚያው ልደር? ኢንሹራንስስ ይከፍልልኝ ይሆን?

መልስ፦ ብቻህን መኪና ውስጥ አትደር። ማደያ፣ ጥበቃ ያለው ሆቴል ወይም መጋዘን ድረስ አስገፋው። ለዘበኛው የሚገባውን ስጥ፣ ስልኩን ተቀበል፣ ሊብሬህን ይዘህ ሂድ። መንገድ ላይ ማስጠንቀቂያ ብለህ የደረደርከውን ድንጋይና ቅጠል ደግሞ አንሳ። እኛ ሀገር መኪናው ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይቀራል፤ ከኋላ የሚመጣው ባጃጅ ይገባበታል። ኢንሹራንስ ይከፍልልኝ ይሆን ላልከው፣ ሦስተኛ ወገን የራስህን መኪና አይነካም። ሙሉ ዋስትናም ቢሆን በተለምዶ ለግጭት፣ ለስርቆትና ለቃጠሎ እንጂ ለብልሽት አይደለም። የአንተን ውል ግን አውጥተህ አንብበው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ነው ያለኝ። ለገጣፎ ግቢ ውስጥ ሦስት ሳምንት ቆሞ ነበር፤ አሁን በሩም በቁልፍ አዝራሩ አይከፈትም፣ አይበራም። አካባቢው ላይ የሚያውቀው ሰው የለም።

መልስ፦ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ እየበዛ ነው። ሰው ትልቁ ባትሪ የሞተ መስሎት ይደነግጣል። ከዚያ በፊት ትንሿን ጠርጥር። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ኮሮላው 12 ቮልት ባትሪ አለው፤ በሩን የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ሲቆም እሱ ይደክማል፣ ያኔ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም። አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉ ውስጥ የተደበቀ የብረት ቁልፍ ስላለ በሩን በእሱ ክፈት፣ ትንሿ ባትሪ የት እንዳለች ከመመሪያው ላይ እይና ባትሪ ቤት ያለ ሰው ይለካት፣ ይሙላት። ለዚህ ሥራ የሠፈር የመኪና ኤሌክትሪሻን ይበቃል።

ካልነቃ በመኪና ላይ ተጭኖ ይሄዳል፤ በገመድ አይጎተትም፣ ጎማው ሲዞር ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የጠራኸው ሰው ኮፋኖ ሥር ብርቱካናማ ሽቦ ካየ ደግሞ እጁን ይሰብስብ፤ የትልቁ ባትሪ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ነው።