የደራሲዋ ማንነትና የመጽሐፏ አገር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ሌዝቢያን የሆኑ አሜሪካውያን ደራሲዎች የአንድን አካባቢ ኑሮ የሚተርኩ ልቦለዶቻቸውን ለአንባቢ ስላደረሱበት መንገድ፣ እኛም ዛሬ እነዚህን ሥራዎች ስለምናስተዋውቅበት ሁኔታ ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በ1969 አልማ ራውትሶንግ ኢዛቤል ሚለር በሚል የብዕር ስም አንድ ልቦለድ በራሷ ወጪ 1,000 ቅጂ አሳተመች። መጽሐፉ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከኮነቲከት ወጥተው በኒው ዮርክ ግዛት አብረው ጎጆ ስለሚቀልሱ ሁለት ሴቶች ይተርካል፤ ለታሪኩ መነሻ የሆነችው በዚያው ግዛት፣ በግሪን ካውንቲ (አውራጃ) ከወዳጇ ጋር የኖረችው ሠዓሊ ሜሪ አን ዊልሰን ናት። ደራሲዋ ቅጂዎቹን ይዛ መንገድ ዳር እየቆመች፣ «የቢሊቲስ ሴት ልጆች» የተባለው የሌዝቢያኖች ማኅበር በሚሰበሰብበትም እየተገኘች በገዛ እጇ ሸጠች። በ1971 በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ውስጥ የተቋቋመ ቡድን ሸለማት፤ ቀጥሎም ማክግሮ ሂል የተባለው ትልቅ አሳታሚ ሥራውን «ፔሸንስ እና ሳራ» በሚል ርእስ አወጣው።

በ1973 ባርባራ ግሪየርና ዶና ማክብራይድ ከሌሎች ጋር ናያድ ፕሬስ የተባለውን የሌዝቢያን መጻሕፍት አሳታሚ ሲመሠርቱ፣ ከአንድ ዓመት በፊት መታተም ያቆመው «ዘ ላደር» የተባለው የሌዝቢያኖች መጽሔት የደንበኞች አድራሻ መነሻ ሆናቸው። ይህ ለእኔ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአቅራቢያዋ ለማታገኝ፣ ብታገኝም ለመጠየቅ ለምትፈራ ሴት መጽሐፉ በፖስታ እስከ ቤቷ ድረስ ይመጣላት ነበርና።

አብዝቼ የማስበው ግን ስለ ዶረቲ አሊሰን ነው። በ1992 የታተመውና ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ የነበረው «ባስታርድ አውት ኦቭ ካሮላይና» በደቡብ ካሮላይና፣ በግሪንቪል ይጀምራል። አኒ የተባለችው ወጣት እናት በልጇ የልደት ወረቀት ላይ «ከጋብቻ ውጭ የተወለደች» የሚል ማኅተም ተመትቶ ታገኘዋለች፤ ማኅተም የሌለበት ወረቀት ለማግኘትም በየዓመቱ ወደ ካውንቲው ፍርድ ቤት ትመላለሳለች፣ እነርሱም ያንኑ ማኅተም መትተው ይመልሱላታል። የዚህች እናት ውርደት ድሆችን በስም ከሚንቀው ከዚያ አካባቢ ተነጥሎ ሊነገር አይችልም። መጽሐፉን «ሌዝቢያን ደራሲ የጻፈችው» ብሎ ብቻ ማቅረብ ግሪንቪልን ያጠፋዋል፤ «የደቡብ ልቦለድ» ብሎ የደራሲዋን ማንነት ማድበስበስ ደግሞ ይብስ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አሊሰን ራሷ ደብቃው አታውቅም። ከዚያ በፊት በ1988 የአጫጭር ልቦለዶቿን መድበል የተቀበላት ፋየርብራንድ ቡክስ የተባለው አነስተኛ የሌዝቢያንና የፌሚኒስት አሳታሚ እንደነበረም መዘንጋት የለበትም።

ስለዚህ አሳታሚዎችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የመጽሐፉ የጀርባ ሽፋን አገሩንም ፍቅሩንም በአንድነት ይጥራ፣ ደራሲዋም ስትጋበዝ የሌዝቢያን አንባቢዎች ወደሚሰበሰቡበት ከተማ ብቻ ሳይሆን ታሪኩ ወደተፈጸመበት የካውንቲ ቤተ መጻሕፍትም ትላክ።