ልጅ በእንግሊዝኛ፣ እናት በአማርኛ፦ ስለ ቤት ቋንቋ፣ ስለ እምነትና ስለ ደኅንነት ጥናቶች ምን ይላሉ?

[መግቢያ፣ ተራኪው ካሜራ ፊት]

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማነሳው ከአገር ውጭ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ነው። እናት በአማርኛ ትጠይቃለች፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ብዙ ወላጅ ይህን ሲያነሱበት "ምን ችግር አለው፣ ይሰማኛል እኮ" ይላል። ተመራማሪዎች ግን ይህንኑ ጉዳይ ከ30 ዓመት በላይ ሲያጠኑት ቆይተዋል። ያገኙት ነገር ቋንቋ ላይ ብቻ አይቆምም። የልጅና የወላጅ ቅርበት ውስጥ ይገባል፣ እምነት ውስጥ ይገባል፣ ጤና ውስጥም ይገባል። ረጋ ብለን እንየው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ ካሊፎርኒያ፣ 1991]

ሊሊ ዎንግ ፊልሞር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ ያስተማሩ የቋንቋ ተመራማሪ ናቸው። በ1991 ያወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ ከ1,000 በላይ ቤተሰቦችን ያየ ነው። ጥያቄው ቀላል ነበር። ልጆች ገና አፋቸውን ፈትተው ሳይጨርሱ፣ በሦስትና በአራት ዓመታቸው፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚነገርበት መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ የቤቱ ቋንቋ ምን ይሆናል? መልሱ፦ ይለቁታል። ቶሎ ይለቁታል። ልጁ ትምህርት ቤት ደጃፍ እንደደረሰ የቤቱ ቋንቋ እዚያ እንደማያስከብረው ይገባዋል፣ ማንም ሳይነግረው። ከዚያ ቤትም ገብቶ በእንግሊዝኛ ይቀጥላል።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ አንድ ታሪክ አለ። አንድ የኮሪያ ቤተሰብ ነው። አያት ሊጠይቋቸው መጥተዋል። ልጆቹ ኮሪያኛው ጠፍቶባቸዋል፣ ግን ያለችውን ያህል ቃርመው አያታቸውን ለማናገር ሞከሩ። በኮሪያኛ ለትልቅ ሰው የሚነገርበት የአክብሮት አነጋገር አለ፣ ልጆቹ ደግሞ እሱን አላወቁበትም። አያት ተቆጡ። የተቆጡት በልጆቹ አባት ላይ ነው፣ ልጆችህን ሥርዓት አላስተማርካቸውም ብለው። አባት ደግሞ አፍሮ ልጆቹን በዱላ ቀጣቸው። እንግዲህ አስቡት፣ ልጆቹ ያጠፉት ጥፋት አያታቸውን ለማናገር መሞከራቸው ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሜሪላንድ ተወልዶ ያደገ ልጅ የንስሐ አባታቸው ደውለው ስልኩን ሲሰጡት "አባ፣ አንተ መቼ ነው የምትመጣው?" ሲል ቤቱ በሙሉ ይደነግጣል። እናት በዓይኗ ትቆጣዋለች። ልጁ ግን ቄሱን ይወዳቸዋል፣ እንዲመጡለትም ይፈልጋል። "እርስዎ" ማለትን ከየት ያምጣው? አማርኛን የሚሰማው "ብላ"፣ "ተኛ"፣ "ስልክህን አስቀምጥ" በሚል ትእዛዝ ብቻ ከሆነ፣ ትልልቅ ሰዎች እርስ በርስ ሲጫወቱ ካልሰማ፣ አክብሮት የሚማርበት ቦታ የለውም። እና ባለጌ ይባላል። እኔ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

[በስክሪኑ ላይ፦ ወላጅና ጎረምሳ፣ 2000]

በ2000 ደግሞ ቪቪያን ጼንግና አንድሪው ፉሊግኒ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከምሥራቅ እስያ፣ ከፊሊፒንስና ከላቲን አሜሪካ ከመጡ ቤተሰቦች የተወለዱ ከ600 በላይ ወጣቶችን ጠየቁ። ከወላጆቻችሁ ጋር በየትኛው ቋንቋ ነው የምታወሩት? ምን ያህልስ ትቀራረባላችሁ? ወላጅና ልጅ ሁለቱም በቤቱ ቋንቋ የሚነጋገሩበት ቤት ቅርበቱም ጠንከር ያለ፣ ውይይቱም የበዛ ሆኖ ተገኘ። ወላጅ በአንዱ፣ ልጅ በሌላው የሚናገርበት ቤት ውስጥ ያሉት ልጆች ግን ለወላጆቻቸው ይበልጥ የራቁ ሆነው ነው የተሰማቸው። ያ "ይሰማኛል እኮ" ያልነው ቤት ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን መያዝ አለበት። ይህ ጥናት የቱ ቀድሞ እንደመጣ አይነግረንም። ቋንቋው ስለተለያየ ተራራቁ ወይስ ስለተራራቁ ልጁ ቋንቋውን ተወው? ምናልባት ሁለቱም ይሆናል። ከእናቱ ጋር የተኳረፈ ልጅ በእሷ ቋንቋ ለመናገር አይጓጓም። በቋንቋዋ መናገር ያቃተው ልጅ ደግሞ የሆዱን አያጫውታትም።

የሆድን መጫወት ካነሳን፣ ልጅን አስተርጓሚ የማድረግ ነገር አለ። ክሊኒክ ውስጥ የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የምርመራ ውጤት ከሐኪሙ ሰምቶ ወደ አማርኛ ይመልሳል። በዚህ ላይ የተሠሩት ጥናቶች አንድ ወጥ መልስ የላቸውም። ወላጅ ሲያመሰግነውና ነገሩ ቀላል ሲሆን ልጁ ይኮራበታል። ሥራው ሲበዛ፣ ጉዳዩም ከልጅ አቅም በላይ ሲሆን ግን ጭንቀት ይሆናል። የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪዎች፣ ከተማው በ2004 ያወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፣ አማርኛም በእሱ መሠረት ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። የከተማው መሥሪያ ቤት ስትሄዱ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጁን ተዉት፣ ይጫወት።

[በስክሪኑ ላይ፦ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ካናዳ]

አሁን የምነግራችሁ ከሁሉም የከበደው ነው። በምዕራብ ካናዳ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ፣ የአገሩ ቀደምት ሕዝቦች በብዙ ትንንሽ ማኅበረሰቦች ተከፋፍለው ይኖራሉ። ልጆቻቸው ለብዙ አሥርት ዓመታት ከቤት እየተወሰዱ አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ተደርጓል፣ በገዛ ቋንቋቸው በመናገራቸውም ይቀጡ ነበር። ዳርሲ ሃሌት፣ ማይክል ቻንድለርና ክሪስቶፈር ላሎንድ በ2007 ባወጡት ጥናት ከ150 በላይ የሚሆኑትን ማኅበረሰቦች አነጻጸሩ። ከአባላቱ ቢያንስ ግማሹ በራሱ ቋንቋ መጫወት በሚችልበት ማኅበረሰብ ራሱን የሚያጠፋ ወጣት ከሞላ ጎደል አልነበረም። ቋንቋው በደከመበት ቦታ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ነበር።

ቋንቋ ብቻውን መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። ቋንቋውን ያቆየ ማኅበረሰብ ሌላም ብዙ ነገር አቆይቷል። ሽማግሌው ይሰማል፣ ወጣቱ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል። ግን ቋንቋው ከሄደ እነዚህን ነገሮች ይዞ መቆየት ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ በላይ ያሳየኝ ጥናት የለም።

ወደ ራሳችን ሰዎች ስንመጣ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ የደረሰባቸው ቤተ እስራኤሎች ናቸው። በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በሰለሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ሄዱ። በሰለሞን ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው የተጓጓዘው። ከዚያ ብዙዎቹ ጎረምሶች አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ዕብራይስጡን ቶሎ ያዙ፣ ወላጆቻቸው ግን በአማርኛና በትግርኛ ቀሩ። ጎንደርና ትግራይ ውስጥ ሲያጋቡና ሲያስታርቁ የኖሩት ቄሶች ደግሞ እዚያ ጋብቻ የመፈጸም ሥልጣን አጡ፣ የእስራኤል ዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት አልተቀበላቸውም። እንግዲህ አባትየው በልጁ ፊት ቋንቋውም፣ ክብሩም፣ የሃይማኖት መሪውም በአንድ ላይ ሲወድቁበት አስቡት። ያም ሆኖ ማኅበረሰቡ ታግሎ የስግድ በዓልን በ2008 በእስራኤል ሕግ ብሔራዊ በዓል አስደርጓል። ከአገር ይዘውት የሄዱት በዓል ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ እምነትና ደኅንነት]

እምነትን ካነሳን ጥናቱ ብዙ ነው፣ እኔ ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። በ2016 በሃርቫርድ ታይለር ቫንደርዊልና ባልደረቦቹ ከ74,000 በላይ አሜሪካውያን ነርሶችን ከ1996 እስከ 2012 የተከታተለ መረጃ መረመሩ። በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ አምልኮ ቦታ የሚሄዱት ሴቶች በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ጭራሽ ከማይሄዱት በ33 በመቶ ያነሰ ነበር። ሲጋራ አለማጨሱ፣ ድብርት መቀነሱ፣ የሰው ድጋፍ ማግኘቱ፣ ነገን በጎ ማየቱ፣ እያንዳንዱ የራሱ ድርሻ አለው።

ሁለተኛው ነው ለእኛ የሚጠቅመን። ቻዩን ሊምና ሮበርት ፑትናም በ2010 ያወጡት። ቤተ ክርስቲያን አዘውትሮ የሚሄድ ሰው በሕይወቱ ይበልጥ የሚረካው ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ያገኙት፣ እዚያ የቅርብ ወዳጅ ያለው ሰው ነው የሚረካው። በየሳምንቱ እየሄደ እዚያ ወዳጅ የሌለው ሰው ግን ከማይሄደው ያን ያህል የተሻለ ሆኖ አልተገኘም።

ይህን ይዛችሁ እሑድ ጠዋት በስደት አገር ያለ ቤተ ክርስቲያናችንን ተመልከቱ። እናት ነጠላዋን ለብሳ ቅዳሴውን በልቧ ታስቀድሳለች፣ ስትወጣ ደግሞ ከእህቶቿ ጋር ቡና ላይ ተቀምጣ የሳምንቱን ሁሉ ታወራለች። የማኅበር ጓደኛ አላት፣ ዕድር አላት፣ ስትታመም የሚጠይቃት አላት። አጠገቧ የቆመው የ14 ዓመት ልጅ ግዕዙም አማርኛውም አልገባውም፣ ቡናው ላይም የሚያወራው የለም። አንድ ቦታ ቆመው ሁለቱ ያገኙት ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ እኔ በግልጽ የምለው፣ አማርኛን ማቆየት የቤት ሥራ ይሁን፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ግን ልጁ በሚገባው ቋንቋ ያስተምረው፣ ጓደኛም እንዲያበጅ ጊዜ ይስጠው። መዝሙሩን በአማርኛ፣ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ቢያደርጉት ምንም አይጎድልም። በመስጊዱም ያው ነው። ወዳጅ ያገኘ ልጅ ቋንቋውን ወደ ራሱ ለመሳብ ምክንያት ይኖረዋል።

[በስክሪኑ ላይ፦ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ?]

መጀመሪያ አንድ ወሬ እናጥፋ። "ሁለት ቋንቋ ልጁን ያምታታዋል፣ አፍ ያዘገየዋል" የሚባለው ውሸት ነው። ንግግር የሚዘገይበት ችግር ያለበት ልጅ በአንድ ቋንቋም በሁለትም ቢያድግ ችግሩ አለ፣ ሁለተኛው ቋንቋ አያመጣውም። በዚህ ምክር አማርኛን የተዉ ወላጆች ብዙ ናቸው፣ ያሳዝናል።

ምን እንደሚሠራ ደግሞ አኒክ ደ ሃወር ቤልጅየም ውስጥ፣ ደች በሚነገርበት በፍላንደርስ፣ ወደ 1,900 ቤተሰቦችን አይታ በ2007 አሳትማለች። ልጆቹ ሁሉም ደች ይናገራሉ፣ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ አይጠፋም፣ ለእሱ አትስጉ። የቤቱ ቋንቋ ግን የሚወሰነው ወላጆች በሚናገሩት ነው። ሁለቱም ወላጆች በቤቱ ቋንቋ ብቻ ሲናገሩ ከመቶ ወደ 97 በሚሆኑት ቤቶች ውስጥ ልጆች ቋንቋውን ይናገራሉ። ብዙ ሰው የሚመክረው "አንዱ ወላጅ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው" የሚባለው ዘዴ ወደ 74 ነው የሚደርሰው። አንዱ ወላጅ ደች ብቻ፣ ሌላው ደቹንና የቤቱን ቋንቋ እየቀላቀለ ሲናገር ደግሞ ወደ 36 ይወርዳል። ስለዚህ ባልና ሚስት ሁለታችሁም አማርኛ የምትችሉ ከሆነ ሁለታችሁም ተናገሩ፣ በተለይ እርስ በርሳችሁ።

እና ተረት ብቻ ሳይሆን የራሳችሁን ታሪክ ንገሯቸው። ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ ለልጆች 20 ጥያቄ አዘጋጅተው ነበር። አያቶችህ የት እንዳደጉ ታውቃለህ? አባትና እናትህ እንዴት እንደተዋወቁ ታውቃለህ? አንተ ስትወለድ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ብዙ የመለሱት ልጆች በራሳቸው ይበልጥ የሚተማመኑ፣ የሚመጣውን የሚችሉ ሆነው ተገኙ። ጥያቄዎቹን ማስጠናት አይደለም ነገሩ፣ ልጁ መልሱን ያወቀው ማታ ማታ ቁጭ ብሎ የሚያጫውተው ሰው ስላለ ነው።

"የእኔ ልጅ 17 ዓመቱ ነው፣ አልፎበታል" ለምትሉ፣ ቴሪ አውና ባልደረቦቿ በ2002 ያወጡት አለ። በልጅነታቸው ስፓኒሽ ሲነገር በጆሯቸው ብቻ የሰሙ፣ እነሱ ግን ያልተናገሩ ተማሪዎች፣ ኮሌጅ ገብተው ቋንቋውን ሲማሩ ድምፁን የሚያወጡት ልጅነታቸውን ከቋንቋው ጋር ካላሳለፉት ጓደኞቻቸው በጣም በተሻለ፣ የአገሬውን ሰው በሚመስል አኳኋን ነበር። ሰዋስዉን ከሌላው ጋር እኩል ነው የጀመሩት፣ እሱ ጥናት ይፈልጋል። ድምፁ ግን ሳይጠፋ ቆይቷቸዋል። ልጃችሁ በእንግሊዝኛ ቢመልስላችሁም እናንተ በአማርኛ ቀጥሉ።