በእግራቸው ያገለገሉት መነኩሴ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ በበጎ ፈቃድ ሥራ የምትደክሙ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ስለ አገልግሎት እንድናገር ስትጋብዙኝ ቀድመው ትዝ ያሉኝ ካምቦዲያዊው የቡድሃ መነኩሴ ማሃ ጎሳናንዳ ናቸው። በሃይማኖትም በአገርም ሩቃችን ናቸው፤ ሥራቸው ግን ከእናንተ ሥራ ጋር አንድ ነው።

ታኬዮ በተባለ አውራጃ ከገበሬ ቤት ተወልደው ገና በልጅነታቸው ገዳም ገቡ። ሕንድ ተምረው፣ ታይላንድ ጫካ ውስጥ በጸሎትና በተመስጦ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ክመር ሩዥ የተባለው የኮሚኒስት ታጣቂ ቡድን አገራቸውን ያዘ። አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ 1.7 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ። መነኮሳት ተገደሉ፣ ገዳማት ፈረሱ። የእሳቸውም ቤተሰብ አለቀ።

እንዲህ ያለ ሐዘን የወደቀበት ሰው በሩን ዘግቶ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበታል? እሳቸው ግን ከጫካው ወጥተው ስደተኛው ወደፈሰሰበት ድንበር ወረዱ። በሳኬዎ ካምፕ ጎጆ ቀልሰው የጸሎት ቤት አደረጉት። የክመር ሩዥ ሰዎችም እዚያው ነበሩና፣ ወደዚያ ጎጆ የሄደ ኋላ ይሞታል ብለው አስፈራሩ። ሕዝቡ በሺዎች ሆኖ መጣ። መነኩሴው ስብከት አላበዙም። ጥላቻ በጥላቻ አይበርድም፣ የሚበርደው በፍቅር ነው የሚለውን የቡድሃን ቃል በዜማ ደጋገሙት። ልጁን ያጣ፣ እናቱ የት እንደወደቀች የማያውቅ ያ ሁሉ ሕዝብ አብሯቸው እያዜመ ተንሰቀሰቀ።

እርዳታ ስንል ቶሎ የሚታየን ዱቄትና ብርድ ልብስ ነው። ያስፈልጋል። ነገር ግን እርሙን ያላወጣ ሰው የሰጡት እህል አይጥመውም፤ እሳቸው ይህን ቀድመው አይተዋል ብዬ አምናለሁ።

ለሌሎች መነኮሳትም ከቤተ መቅደስ ውጡ፣ መከራ ወዳለበት ግቡ ይሉ ነበር፤ ወደ ስደተኛ ካምፕ፣ ወደ እስር ቤት፣ ወደ ጦር ሜዳ። በ1992 ራሳቸው ከፊት ሆነው ስደተኞችን ከታይላንድ ድንበር እስከ ካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን በእግር መሩ። አገሩ ፈንጂ የተቀበረበት ነበር። መቶ ያህል ሆነው የተነሱት ከተማዋ ሲደርሱ ከሺህ በልጠው ነበር።

በ1993 ደግመው ሲጓዙ፣ መነሻው ላይ ያደሩበት ቤተ መቅደስ ውስጥ የእጅ ቦምብ ተወረወረ፤ ሳይፈነዳ ቀረ። ጉዞው አልቀረም። በ1994 ግን ተኩስ መካከል ገብተው አንድ መነኩሴና አንዲት መነኩሲት ሞቱ። ይህን የምነግራችሁ መንገዱ ዋጋ እንደሚያስከፍል ስለምታውቁት ነው።

በየመንደሩ ሰው ማለዳ ከደጁ ላይ በባልዲ ውኃ ይዞ፣ ዕጣን አጭሶ ይጠብቃቸው ነበር። መነኮሳቱ ውኃውን እየረጩ ይባርኩታል። ወታደሮችም ጠመንጃቸውን መሬት አኑረው ይንበረከኩ ነበር፤ የሚለምኑትም ጥይታቸው ማንንም እንዳይገድል፣ የሌላውም ጥይት እነሱን እንዳያገኛቸው ነበር።