ባዶ ጠረጴዛ እየታየ ለምን እንሰለፋለን? የክሩዝ እራትና የወረፋው ነገር

እሱ፦ እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን። የዛሬው ርዕሳችን በክሩዝ መርከብ ላይ እራትን በፈለጉት ሰዓት መብላትና ከወረፋ ማምለጥ ነው። ከባልቲሞር፣ ከማያሚ ወይም ከቴክሳሷ ጋልቬስተን ለመሳፈር ቲኬት ቆርጣችሁ፣ የመርከብ ኩባንያው አፕ "ቋሚ ሰዓት ነው ወይስ ክፍት ሰዓት?" ብሎ ሲጠይቃችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ ይኼ ለእናንተ ነው።

እሷ፦ መጀመሪያ ስሙን እናጥራው፤ ሰው የሚምታታው እዚያ ላይ ነው። ቋሚው በየማታው አንድ ሰዓት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አስተናጋጅ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ዙር አለው፤ አንደኛው 5:30 ግድም፣ ሁለተኛው 8:00 ግድም። ክፍቱ ደግሞ በፈለጉት ሰዓት መሄድ ነው፤ ከመርከብ ኩባንያዎቹ ሮያል ካሪቢያን "ማይ ታይም" ይለዋል፣ ካርኒቫል "ዩር ታይም" ይለዋል፣ ሴሌብሪቲ "ሴሌክት" ይለዋል። ነገሩ አንድ ነው። ኖርዌጂያን ደግሞ ከ2000 ጀምሮ "ፍሪስታይል" ብሎ ቋሚውን እርግፍ አድርጎ ትቶታል።

እሱ፦ 5:30 ያልሽው በእኛ 11 ሰዓት ተኩል ነው።

እሷ፦ አዎ፣ በእኛ 11 ተኩል። እንዲያውም ይኼን እዚሁ እንነጋገርበት፤ ብዙ እራት ያበላሸ ነገር ነው።

እሱ፦ ሰዓቱ?

እሷ፦ ሰዓቱ! ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ አሥር አሥራ አንድ ሰው ሆኖ ይሄዳል። አንዱ ሪዘርቬሽኑን ይይዝና በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ "እራት 12 ተኩል" ብሎ ይጽፋል። እናትና አባት ገብቷቸዋል። አሜሪካ የተወለዱት ልጆች ግን 12:30 ብለው ያነቡታል፤ የምሳ ሰዓት መስሏቸው ይተዉታል። 6:30 ሲሆን ስድስቱ በር ላይ ናቸው፣ አምስቱ መዋኛው ጋ ናቸው። አብዛኛው የመመገቢያ አዳራሽ ደግሞ ሰው ሳይሟላ አያስቀምጥም። የአዳራሹ ኃላፊ "ሁሉም ሲመጡ ተመለሱ" ይላል፣ ጠረጴዛው ከኋላ ለቆመው ይሰጣል።

እሱ፦ መፍትሔው ታዲያ?

እሷ፦ መርከብ ላይ እስካላችሁ ድረስ በፈረንጅ ሰዓት ጻፉ፤ ከጎኑ "ማታ" የምትለዋን ጨምሩ። "ማታ 6:30" በቃ። ደግሞ ከእራቱ ሰዓት 15 ደቂቃ ቀድማችሁ ተገናኙ፤ በሩ ላይ ሳይሆን ሊፍቱ አጠገብ።

እሱ፦ የስልኩ ሰዓትስ? እሱም እኮ ይለወጣል።

እሷ፦ እሱ ሌላው ጉድ ነው። በፈረንጆቹ ክረምት፣ በታኅሣሥና በጥር ግድም፣ ከጋልቬስተን ተነስታችሁ የሜክሲኮዋ ደሴት ኮዙሜል ስትደርሱ የደሴቲቱ ሰዓት ከጋልቬስተን በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ኮዙሜል ዓመቱን ሙሉ ሰዓቱን አይለውጥም፣ ቴክሳስ ግን ይለውጣል፤ በበጋቸው እኩል ይሆናሉ። ስልካችሁ የደሴቲቱን ኔትወርክ ካገኘ ራሱን ያስተካክላል፤ መርከቡ ግን በራሱ ሰዓት ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት ስልኩ ራሱን እንዳይለውጥ ዝጉት። የእጅ ሰዓት ያለው ደግሞ በመርከቡ ሰዓት ይሙላው።

እሱ፦ እሺ፣ ወደ እራታችን።

እሷ፦ ወደ እራታችን። እኔ ክፍቱን ነው የምመክረው።

እሱ፦ እኔ ቋሚውን። ቋሚ ከያዝሽ ወረፋ የለም፤ ገብተሽ ቁጭ ነው። አስተናጋጁ በሦስተኛው ቀን ሻይሽን ሳትጠይቂው ያመጣልሻል።

እሷ፦ እሱን በክፍቱም ታገኘዋለህ እኮ! ብዙ ሰው የማያውቀው ይኼን ነው። ክፍት ሰዓት ማለት የግድ ያለ ሪዘርቬሽን መሄድ አይደለም። በሮያል አፕ ላይ ማይ ታይም ይዘህ ለየማታው ተመሳሳይ ሰዓት መያዝ ትችላለህ፤ ሰባቱንም ማታ 6:00። ከዚያ የመጀመሪያው ማታ አስተናጋጁን ከወደድከው፣ ስትወጣ ኃላፊውን "ነገም በዚሁ አስተናጋጅ ዘንድ አስቀምጡን" ትለዋለህ። የተመቸህ ቀን ደግሞ ሰዓቱን ትቀይራለህ፤ ወደብ ላይ ያመሸህ ቀን ወደ 8:00 ትገፋዋለህ። በቋሚው ግን 5:30 ካመለጠህ አመለጠህ።

እሱ፦ ያ ተደርጎ ሪዘርቬሽን ይዘውም የሚሰለፉ አሉ።

እሷ፦ የተሳሳተ ሰልፍ ላይ ስለሚቆሙ ነው። በብዙ መርከብ በር ላይ ሁለት ሰልፍ አለ፤ አንዱ ሪዘርቬሽን ላላቸው፣ አንዱ ለሌላቸው። ምልክቱ ትንሽ ናት፣ ሰው ረዥሙን ሲያይ ከኋላው ይቆማል። ከመሰለፍ በፊት ፊት ለፊት ሄዶ ማየት ነው። የአዳራሹን ፎቅም አረጋግጡ፤ አንዳንዱ አዳራሽ ባለ ሁለት ባለ ሦስት ፎቅ ነው፣ ቋሚው በአንዱ፣ ክፍቱ በሌላው ይሆናል።

እሱ፦ ባዶ ጠረጴዛ እያዩ መጠበቁን ግን ንገሪያቸው። እሱ ነው ሰውን የሚያናድደው።

እሷ፦ እሱን ነው መናገር የምፈልገው! ሰው በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ያያል፣ "ይኸው አራት ባዶ አለ፣ ለምን አያስገቡንም?" ይላል። አንዳንዱ ባዶ ለሪዘርቬሽን የተያዘ ነው፣ አንዳንዱም ገና አልተሰናዳም። ዋናው ግን አስተናጋጁ ነው። አንድ አስተናጋጅና አንድ ረዳት የተወሰኑ ጠረጴዛዎች፣ አምስት እንበል፣ አሏቸው። ትእዛዝ ተቀብሎ ወደ ኩሽና ይሄዳል። ኩሽናው እንደ ቤት ኩሽና አይደለም፤ ሾርባው በአንድ መስኮት፣ ሰላጣው በሌላ፣ ትኩሱ ዋና ምግብ በሌላ ነው፤ በየመስኮቱ ሌሎች አስተናጋጆች ተሰልፈዋል። ሳህኑን ያነሳል፣ ክዳን ይደፋበታል፣ በክዳኑ ላይ ሌላ ሳህን ይደርባል፣ እንደዚያ አድርጎ ትልቁን ትሪ ሞልቶ በትከሻው ይዞ ይወጣል። አሁን ኃላፊው አምስቱንም ጠረጴዛ በአንድ ጊዜ ቢሞላበትስ?

እሱ፦ አምስቱም እኩል ያዛሉ።

እሷ፦ አምስቱም እኩል ያዛሉ፣ የአምስተኛው ሾርባ ይቀዘቅዛል፣ ዋናው ምግብ 40 ደቂቃ ይቆያል። ስለዚህ ኃላፊው ሆን ብሎ በየአሥር ደቂቃው አንድ አንድ ጠረጴዛ ነው የሚሞላለት። ያ ባዶ ያየኸው ጠረጴዛ አስተናጋጁ እስኪደርስለት የሚጠብቅ ነው። በር ላይ 10 ደቂቃ ብትቆም ተቀምጠህ ከምትጠብቀው 40 ደቂቃ ይሻልሃል።

እሱ፦ ይኼን የሚነግራቸው የለም እኮ።

እሷ፦ ማንም አይነግራቸውም። በር ላይ ካለችው ልጅ ጋር ይጣላሉ።

እሱ፦ ስለዚህ በስንት ሰዓት ይሂዱ?

እሷ፦ ሂሳቡን እንሥራው። አዳራሹ 5:30 ይከፈታል እንበል። እራት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ጠረጴዛውን ማንሳት፣ ልብሱን መቀየር፣ ሹካና ቢላውን፣ ብርጭቆውን መደርደር 10፣ 15 ደቂቃ። ስለዚህ 5:30 የተያዘ ጠረጴዛ የሚመለሰው 7:15 ግድም ነው፣ 6:00 የተያዘው 7:45 ግድም። 6:45 ላይ የሄደ ሰው የሚያገኘው የሞላ አዳራሽ ነው። ከ6:30 እስከ 7:15 ያለው የባሰው ሰዓት ነው። ወይ በሩ ሲከፈት፣ ወይ ከ7:45 በኋላ።

እሱ፦ በሩ ሲከፈት ግን ሰልፉ ኮሪደሩን ይሞላዋል።

እሷ፦ ይሞላል፣ ግን ያ ሰልፍ ይሄዳል። ውስጡ ባዶ ነውና ቶሎ ቶሎ ያስገባሉ። 7:00 ላይ ያለው አጭር ሰልፍ ግን አይንቀሳቀስም፤ ሰው እስኪነሳ ነው የሚጠብቀው። የሰልፉን ርዝመት አትዩ፣ እግሩን እዩ።

እሱ፦ እኔ በአንድ ነገር አልስማማም። ቲያትሩ 7:00 ላይ የሚጀምር ከሆነ፣ ትርኢት የሚያይ ሁሉ 6:45 ላይ ይነሳል። ስለዚህ 7:00 ላይ ጠረጴዛ አለ። ሂሳብሽ ሁሉም ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ይቀመጣል ይላል፣ አይቀመጥም።

እሷ፦ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ይቀመጣል፣ ጣፋጭና ቡና ያዘዘ ይቀመጣል።

እሱ፦ ትርኢት ያለው ግን ይነሳል። ደግሞ ትርኢቱ ሲያልቅ፣ 7:50 ላይ በይ፣ ያ ሁሉ ሰው ወደ አዳራሹ ይጎርፋል። አንቺ "ከ7:45 በኋላ" ያልሻቸው ሰዎች ከዚያ ጎርፍ ጋር ነው የሚጋጠሙት።

እሷ፦ ... እሱስ እውነት ነው። እንግዲያው የዚያን ማታ ትርኢት ስንት ሰዓት እንደሆነ አፑ ላይ አይተው ይወስኑ። ግን 6:45 ላይ እንዳይሄዱ፤ በእሱ አልለቅም።

እሱ፦ በእሱ እስማማለሁ። 6:45፣ በእኛ ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ።

እሷ፦ ሌላው የሰው ቁጥር ነው። ሁለት ሰው ቶሎ የሚቀመጥ ይመስላል፣ ግን የሁለት ሰው ጠረጴዛ ቶሎ ነው የሚያልቀው፤ ሁሉም ጥንዶች የሚፈልጉት እሱን ነው። "ከሌላ ሰው ጋር ብንቀመጥ ግድ የለንም" ያለ ሰው ቶሎ ይገባል፤ ስድስት ሰው በሚይዝ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወንበር ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

እሱ፦ ይኼ ለሐበሻ አይከብድም። ማዕድ መጋራት ያደግንበት ነው።

እሷ፦ አይከብድም። ብዙ ስንሆን ነው የሚከብደን። ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ ሰው ሆኖ "አንድ ላይ ነው የምንቀመጠው" ሲባል፣ ትልቅ ጠረጴዛ እስኪለቀቅ 50 ደቂቃ ሊሄድ ይችላል። አሥራ አንድ ከሆናችሁ "ጎን ለጎን ሁለት ጠረጴዛ፣ ስድስትና አምስት" በሉ። አንዱን የትልልቆች፣ አንዱን የልጆች አድርጉት። ወሬው ይደርሳል፣ መጎራረሱም አይቀርም።

እሱ፦ የጾሙን ነገር ደግሞ አንሺው። የፈረንጅ ገና ዕረፍት ላይ የሚሄዱ ሁሉ ጾመ ነቢያት ውስጥ ናቸው።

እሷ፦ በደንብ! የስፕሪንግ ብሬኩም ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ላይ ይውላል። "ቬጂቴሪያን ነኝ" እንዳትሉ። ምናሌው ላይ የቬጂቴሪያን ምልክት ያለበት ምግብ አይብ፣ ቅቤ፣ እንቁላል ሊኖረው ይችላል። "ቪጋን" በሉ፤ ከዚያም በዝርዝር፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ቅቤ የለም። የአትክልት ሾርባ ክሬም ይገባበታል ወይም በዶሮ መረቅ ይሠራል። ሪዞቶ ላይ ቅቤ አለ። የህንድ የአትክልት ምግብ በሮያልም በካርኒቫልም ጠይቆ ማግኘት ይቻላል፣ ግን እሱም ላይ በቅቤ የተሠራ አለ፣ እርጎ ያለበት አለ።

እሱ፦ ከወረፋው ጋር ምን አገናኘው?

እሷ፦ በደንብ ይገናኛል! ለቪጋን የሚሻለው፣ ዛሬ እራት ላይ ኃላፊው የነገውን ምናሌ አምጥቶላችሁ ከዚያ መርጣችሁ ማዘዝ ነው። ኩሽናው ለብቻ ይሠራላችኋል። የዚያኑ ማታ ድንገት ካዘዛችሁ 30 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ ወይም የተቀቀለ አትክልት ይመጣል። የነገው ትእዛዝ እንዲሠራ ደግሞ ነገም እዚያው አስተናጋጅ ዘንድ መቀመጥ አለባችሁ። በየማታው ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ጾመኛ በየማታው ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

እሱ፦ ይኸው! ቋሚው ይሻላል ያልኩት ለዚህ እኮ ነው።

እሷ፦ ለጾመኛ እሺ። ወይም በክፍቱ የተያዘ ተመሳሳይ ሰዓት።

እሱ፦ ለጾመኛ ቋሚው ይሻላል።

እሷ፦ እሺ፣ ለጾመኛ። ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የቡፌው ምሳ መቼ እንደሚዘጋ ይይ። 3:00 ግድም፣ በእኛ ያው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የሚዘጋበት መርከብ አለ። እንደዚያ ከሆነ 5:30 ዙር ነው የሚሻለው።

እሱ፦ ካርኒቫል ላይ ሪዘርቬሽን ሳይሆን በስልክ መመዝገብ ነው አይደል?

እሷ፦ አዎ፣ ሐብ በሚባለው አፕ። አዳራሹ ሲከፈት ስንት ሰው እንደሆናችሁ አስገብታችሁ ትመዘገባላችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ መልእክት ይመጣል። በር ላይ መቆም አያስፈልግም። ስህተቱ ስልኩን ከመርከቡ ዋይፋይ አውጥቶ መዋኛ ጋ መተኛት ነው፤ መልእክቱ አይደርስም። አፑ ኢንተርኔት ሳትገዙ በመርከቡ ዋይፋይ ይሠራል፤ ማገናኘቱን ብቻ አትርሱ። ኖርዌጂያን ደግሞ ኮሪደሩ ላይ በተሰቀሉ ስክሪኖች የትኛው ምግብ ቤት ባዶ፣ የትኛው ሙሉ እንደሆነ ያሳያል።

እሱ፦ ሁሉን በሪዘርቬሽን ያደረገውስ? ሮያል በ2014 ኳንተም ኦፍ ዘ ሲስ በተባለው መርከቡ ላይ የሞከረው።

እሷ፦ ዳይናሚክ ዳይኒንግ። ትልቁን አዳራሽ ለአራት ምግብ ቤት ከፍሎ በየማታው ምረጡ፣ ሪዘርቭ አድርጉ አለ። ሰው ተማረረ፤ ሰልፉም በዛ፣ የሚያውቀው አስተናጋጅም አጣ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ቋሚውና ወደ ማይ ታይም ተመለሱ። ምርጫ ማብዛት ብቻ ወረፋ አይቀንስም፤ የወንበሩና የአስተናጋጁ ቁጥር ያው ነው።

እሱ፦ የፈለጉት ዙር ሞልቶ ተጠባባቂ ላይ ለገቡትስ?

እሷ፦ በተሳፈራችሁበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሻንጣ ሳትጠብቁ ወደ አዳራሹ ሂዱ። ኃላፊው ለዚሁ የሚቀመጥበት ሰዓት አለ፣ አፑ ላይ ወይም የዕለቱ መርሐ ግብር ላይ ይጻፋል። የክፍል ቁጥር፣ የሰው ብዛት፣ የምትፈልጉትን ሰዓት ተናገሩ። ጾመኛ ካላችሁም ያኔውኑ ንገሩት። እምቢ ካለ አትከራከሩት፤ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተመለሱ። የመጀመሪያው ማታ ያልመጡት ጠረጴዛ ባዶ እንደዋለ የሚያየው ያን ጊዜ ነው።